በዩአርኤል ውስጥ ያለ አማርኛ ዲኮድ ሲደረግ ይበላሻል፤ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ፊደል_ገበታ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የአማርኛ ሰነዶች የሚፈለጉበት ድረ ገጽ ነው። ፍሮንትኤንዱ ተራ ጃቫስክሪፕት፣ ባክኤንዱ ያለ ፍሬምወርክ ቀጥታ በዊዝጊ (ሰርቨርንና የፓይተን ፕሮግራምን በሚያገናኘው ደንብ) የሚሄድ ፓይተን 3፣ ከፊቱ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያሳልፈው ኤንጂንኤክስ፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል። አድራሻዎቹ «/ሰነድ/የቡና-ንግድ» እና «/ፍለጋ?ቃል=ሰላም» ዓይነት ናቸው። ሄክስ (በ16 የሚቆጠር የአሃዝ አጻጻፍ) ስጽፍ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን በፊደላችን ነው የማሰፍራቸው፤ %ኢ1 ስል እንደምትረዱኝ አስባለሁ።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ከ«/ሰነድ/» ቀጥሎ ያለው ስም ባክኤንድ ሲደርስ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የሚገርመው፣ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ቃል በደህና ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሊንኮች ላይ ዲኮድ-ዩአርአይ-ኮምፖነንት «ዩአርአይ ማልፎርምድ» ብሎ ይወድቃል። አብዛኞቹ ርዕሳቸው ረዘም ያለ ነው።

ሦስተኛ፣ «አዲስ አበባ» ብሎ ለፈለገ ሰው ገጹ ላይ «አዲስ+አበባ» ተብሎ ይጻፍለታል። በስልክ ቁጥር ሲፈለግ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ +251 ከሚለው ላይ መደመሪያው ጠፍቶ ክፍት ቦታ ይሆናል።

አራተኛ፣ በመጀመሪያው ችግር ምክንያት ተበላሽተው ዳታቤዝ ውስጥ የገቡ ብዙ ረድፎች አሉ። የሚድኑ ናቸው?

«አንኢስኬፕ የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን ተጠቀም» የሚል ምክር በየቦታው አለ፤ ሲሞከር ግን ደህና የነበረውንም ያበላሸዋል።

---

ባይት_ቆጣሪ

አንድ በሽታ አይደለም፤ እያንዳንዱ መድኃኒቱ ለየብቻ ነው። አስቀድመን ግን አንዷን ፊደል በእጅ እንፍታት፣ የቀረው ከዚያ ይገባል።

የሰ የዩኒኮድ ቁጥር 4656 ነው፣ በሄክስ 1230። ዩቲኤፍ-8፣ ፊደልን ወደ ባይት የሚለውጠው ደንብ፣ ይህን ቁጥር በሦስት ባይት ያከፋፍለዋል። 4656 ለ4096 ሲካፈል 1 ደርሶ 560 ይተርፋል፤ 560 ለ64 ሲካፈል 8 ደርሶ 48 ይተርፋል። 1ን በ224 ላይ፣ 8ን በ128 ላይ፣ 48ን በ128 ላይ ደምር፦ 225፣ 136፣ 176። በሄክስ ኢ1፣ 88፣ ቢ0። ብራውዘሩ ከየባይቱ ፊት ፐርሰንት አስገብቶ %ኢ1%88%ቢ0 ብሎ ይልካል። በዋናው የግዕዝ ሰንጠረዥ (ከ1200 እስከ 137ኤፍ) ያለ ሁሉ በኢ1 ይጀምራል፣ ሁለተኛው ባይቱም ከ88 እስከ 8ዲ ነው። ይህን ዓይንህ ከለመደው ሎግ ላይ አማርኛውን ከሌላው ወዲያው ትለያለህ።

እንግዲህ ዲኮድ ማድረግ ሁለት ሥራ ነው፤ ፐርሰንቱን ወደ ባይት መመለስ፣ ከዚያ ሦስት ሦስቱን ባይት አንድ ላይ አድርጎ ፊደል ማውጣት። አንኢስኬፕ የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ይተወዋል፤ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ ያወጣል። ወንድሙ ኢስኬፕ ደግሞ ሰን %ዩ1230 ብሎ ይጽፋል። ይህ አጻጻፍ የዩአርኤል ደንብ ውስጥ የለም፤ ዲኮድ-ዩአርአይ-ኮምፖነንት ሲያገኘው ይወድቃል። ሁለቱንም ከኮድህ ነቅለህ ጣላቸው።

ፓዙ (ከጥያቄ ምልክቱ በፊት ያለው የአድራሻ ክፍል) የሚበላሽብህ ግን በዊዝጊ ደንብ ምክንያት ነው እንጂ የሆነ ነገር ተሰብሮ አይደለም። ይህ ደንብ በተጻፈበት ሰነድ፣ በፔፕ 3333፣ መሠረት ፓዝ-ኢንፎ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ፐርሰንቱ ተፈትቶ፣ ባይቶቹ አንድ በአንድ በላቲን-1 (አንድ ባይት አንድ ፊደል በሆነበት የድሮ ኢንኮዲንግ) እንደተነበቡ ነው። ስለዚህ በላቲን-1 ኢንኮድ አድርገህ ባይቱን አስመልስ፣ ያንን ባይት በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ አድርግ። የአንድ መስመር ሥራ ነው። ኩዌሪ-ስትሪንግ (ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው) ግን ፐርሰንቱ ሳይፈታ ጥሬውን ስለሚደርስ ፓርስ-ኪውኤስ ራሱ በዩቲኤፍ-8 ይፈታዋል፤ ቃሉ በደህና የሚመጣው ለዚህ ነው። ያቺን መስመር ኩዌሪው ላይ እንዳትደግማት፤ ላቲን-1 ግዕዝ ስለሌለው ወዲያው ዩኒኮድ-ኢንኮድ-ኤረር ትወረውርብሃለች። ጃንጎና ፍላስክ ይህንን ከውስጥ ስለሚጨርሱት ነው ብዙ ሰው የማያየው።

መደመሪያው ላይ፦ ፎርም በጌት ሲላክ ክፍት ቦታ + ይሆናል። ይህ የፎርም አጻጻፍ ደንብ ነው እንጂ የዩአርኤል አጠቃላይ ደንብ አይደለም። ዲኮድ-ዩአርአይ-ኮምፖነንት የፎርሙን ደንብ አያውቅም፣ +ን እንዳለ ይተወዋል። ኩዌሪ ለማንበብ ዩአርኤል-ሰርች-ፓራምስን ተጠቀም፤ እሱ +ን ወደ ክፍት ቦታ ይመልሳል፣ ፐርሰንቱንም ይፈታል። በፓይተንም አንኮትና አንኮት-ፕላስ የሚለያዩት በዚሁ ነው። የስልኩ ችግር ከላኪው ወገን ነው፤ ሊንኩን በጽሑፍ እየቀጠለ የሚሠራ ኮድ አለህ ማለት ነው። እውነተኛ መደመሪያ በኩዌሪ ውስጥ %2ቢ ተብሎ መሄድ አለበት፣ %2ቢ251 እንዲል። ፓዝ ውስጥ ግን + መደመሪያ ብቻ ነው፤ አንኮት-ፕላስን ፓዝ ላይ ከተጠቀምክ «ሲ++» የሚል ርዕስ «ሲ» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

---

ሎግ_አንባቢ

ሁለተኛው ላይ ልጨምር። ርዕሱ የረዘመው ብቻ የሚወድቅ ከሆነ አንድ ቦታ እየተቆረጠ ነው። አድራሻውን ዳታቤዝ ውስጥ የምታስቀምጠው ከነፐርሰንቱ ነው? የአምዱስ ርዝመት ስንት ነው? አንድ የአማርኛ ፊደል ከነፐርሰንቱ 9 ቦታ ይይዛል። ባለ 255 አምድ ላይ 28 ፊደል 252 ይወስድና የቀሩት 3 ቦታዎች ላይ የ29ኛው ፊደል መጀመሪያ %ኢ1 ብቻዋን ትንጠለጠላለች። ጭረት መሃል ከገባ ደግሞ መቁረጫው ይንሸራተትና %ኢ1%8 ብሎ ባይቱን ራሱን ለሁለት የከፈለ ታገኛለህ። ዲኮድ-ዩአርአይ-ኮምፖነንት እንዲህ ያለ ግማሽ ፊደል አይቀበልም፣ ትክክልም ነው።

ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ጀምሮ ስትሪክት ሞድ እንደበራ ነው የሚመጣው፤ ከአምዱ የሚበልጥ ሲመጣ ኤረር ይሰጣል። ዝም ብሎ የሚቆርጥ ከሆነ የሆነ ሰው አጥፍቶታል። አብራው። አድራሻውንም ሳትኮድ፣ በፊደሉ፣ በዩቲኤፍ-8-ኤምቢ4 አምድ አስቀምጥና ሊንክ ስትጽፍ ብቻ ኢንኮድ አድርግ፤ ያኔ 255 ማለት በትክክል 255 ፊደል ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ወርድፕረስ አድራሻውን ከነፐርሰንቱ ነው የሚያስቀምጠው፣ አምዱም 200 ነው፤ ከ22 የአማርኛ ፊደል በላይ አይገባም ማለት ነው። እሱ ግን ፊደል መሃል እንዳይቆርጥ ይጠነቀቃል።

ሎግ ስታይ %25ኢ1%2588%25ቢ0 የሚል ከገጠመህ ደግሞ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል፤ ፐርሰንቱ ራሱ %25 ሆኗል። %2525 ካየህ ሦስት ጊዜ ነው። መፍትሔው ሁለት ጊዜ ዲኮድ ማድረግ አይደለም። ሁለተኛውን ኢንኮድ ያደረገውን ኮድ ፈልገህ አጥፋ፤ አለበለዚያ ነገ «100%25» የሚል እውነተኛ ጽሑፍ ሲመጣ ታበላሸዋለህ።

ኤንጂንኤክስ ሎግ ላይ ሪኩዌስት-ዩአርአይ የሚባለውን ተለዋዋጭ አስጽፍ። ደንበኛው የላከው ጥሬው እሱ ነው። ዩአርአይ የሚባለው ግን የተፈታና የተስተካከለ ስለሆነ መርማሪን ያሳስታል። ፕሮክሲ-ፓስህንም አንድ ጊዜ ተመልከት፤ ከሰርቨሩ ስም በኋላ ፓዝ፣ እዝባር ብቻ እንኳ ቢሆን፣ ካለበት ኤንጂንኤክስ ፓዙን ፈትቶና አስተካክሎ እንደገና ይጽፈዋል። ምንም ካልተከተለው የመጣውን እንዳለ ያሳልፋል።

---

ፊደል_ገበታ

አምዱ 255 ነው፣ ስትሪክት ሞድም ጠፍቶ ነው የተገኘው። ፓዙ በላቲን-1 መስመሯ ተስተካክሏል፤ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ።

ሎጉን ሳይ ሌላ ነገር አገኘሁ። ከአንድ የቆየ የፍለጋ ገጽ የሚመጡ ጥያቄዎች ውስጥ ኢ1 የሚባል ነገር የለም። ሰላም በሚለው ቦታ ያለው %26%234656%3ቢ%26%234619%3ቢ%26%234637%3ቢ ነው። ባክኤንዱ ደግሞ «ቃል» የሚባል ፓራሜትር አልመጣም ይላል። ይህ ምንድን ነው?

---

የፎርም_ነገር

%26 የ& ምልክት፣ %23 የ#፣ %3ቢ የድርብ ሰረዟ ; ነው። ፈትተህ ስታየው &#4656;&#4619;&#4637; ይላል፣ ማለትም ሰ፣ ላ፣ ም በዩኒኮድ ቁጥራቸው።

ያ ገጽ ኢንኮዲንጉን አላስታወቀም። ብራውዘሩ በዊንዶውስ-1252 ገምቶታል፤ ፎርሙንም በዚያው ኢንኮዲንግ ሊልክ ሲል ግዕዝ አላገኘበትምና ፊደሉን በቁጥር ተካው። የፓራሜትሩ ስም «ቃል» ራሱ &#4675;&#4621; ስለሆነ ነው ባክኤንድህ የማያውቀው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይህ ነው፤ ፓዝ የገጹ ኢንኮዲንግ ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ በዩቲኤፍ-8 ይሄዳል፣ ኩዌሪ ግን የገጹን ኢንኮዲንግ ይከተላል። ገጹ ላይ ያሉት ጽሑፎች በቁጥር የተጻፉ ከሆኑ ደግሞ በዓይን ሲታይ ምንም እንከን የለበትም።

ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8ን በገጹ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ አስገባ፤ ረጅም ስክሪፕት ከላዩ አስቀድመህ እንዳትገፋው። ሰርቨሩም በኮንቴንት-ታይፕ ሄደሩ ቻርሴቱን ይናገር። ገጹን መንካት ካልተቻለ ፎርሙ ላይ አክሴፕት-ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ያስታግሳል። ባክኤንድ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ወደ ፊደል የሚመልስ ኮድ እንዳትጽፍ። ሰው ሆን ብሎ &#4656; ብሎ ቢፈልግስ? ከዚያ በኋላ ሁለቱን መለየት አትችልም።

---

እዝባር_ጠላቴ

ስለ ቅደም ተከተል ማንም አላነሳም። መጀመሪያ ሰንጥቅ፣ ከዚያ ፍታ። አድራሻውን በ/፣ በ?፣ በ& እና በ= ከከፋፈልክ በኋላ ነው እያንዳንዱን ቁራጭ ዲኮድ የምታደርገው። በአማርኛ ይህ ከሌላው ቋንቋ የባሰ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም አሕጽሮቶቻችን በእዝባር የተሞሉ ናቸው፦ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዓ/ም፣ ጽ/ቤት። «/ሰነድ/ት%2ኤፍቤት» ሳይሰነጠቅ ከተፈታ «ት» የሚባል አቃፊ ውስጥ «ቤት» የሚባል ሰነድ ትፈልጋለህ። ኢንኮድ-ዩአርአይ እዝባርን አይነካም፣ ኢንኮድ-ዩአርአይ-ኮምፖነንት ግን %2ኤፍ ያደርገዋል። በፓይተን ኮት የሚባለው ካልነገሩት እዝባርን ይተዋል፤ ሴፍ የሚለውን ባዶ አድርገህ ነው መጥራት ያለብህ።

እንዲያም ሆኖ ፓዝ ውስጥ %2ኤፍን ማመን አይቻልም። በዊዝጊ ፓዝ-ኢንፎ አንተ ጋ ሳይደርስ ተፈትቷል፣ ስለዚህ የትኛው እዝባር የአድራሻው፣ የትኛው የስሙ እንደነበረ ማወቂያ የለህም። አፓቺም ካልተፈቀደለት %2ኤፍ ያለበትን ፓዝ 404 ብሎ ይመልሰዋል። አድራሻ ስትሠራ «ት/ቤት»ን «ት-ቤት» አድርገውና ተገላገል፤ ርዕሱ ዳታቤዝ ውስጥ እንደተጻፈ ይቀመጥ።

ከባይት_ቆጣሪ መስመር ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ዲኮዱ ስትሪክት ይሁን። የፓይተን አንኮት እና ፓርስ-ኪውኤስ የማይነበብ ባይት ሲገጥማቸው ኤረር አይሰጡም፤ በመተኪያው ምልክት፣ ያ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለው የጥያቄ ምልክት፣ ይተኩትና ያልፋሉ። የተቆረጡት አድራሻዎችህ ፓይተን ላይ ያልታወቁት ለዚህ ነው። ኤረርስ የሚለውን «ስትሪክት» አድርግና ሲወድቅ 400 (የተበላሸ ጥያቄ) ብለህ መልስ።

የደህንነት ፍተሻህ ደግሞ ከመጨረሻው ዲኮድ በኋላ ይሁን፣ ዲኮዱም አንድ ጊዜ ብቻ። በ2000 የማይክሮሶፍት አይአይኤስ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ይኸው ነበር፤ %ሲ0%ኤኤፍ የሚባለው ለእዝባር የማይፈቀድ ረጅም አጻጻፍ ፍተሻውን አልፎ ከገባ በኋላ እዝባር ሆኖ ይፈታ ነበር። በ2001 ደግሞ ሁለት ጊዜ ዲኮድ በማድረጉ ሌላ ቀዳዳ ተገኘበት፣ የዚያው ዓመት ኒምዳ ዎርም በሁለቱም ተጠቅሟል። የዛሬ የፓይተን ዲኮደር ሲ0ን ጨርሶ አይቀበልም፤ በእጁ ዲኮደር የሚጽፍ ሰው ግን ያንኑ ስህተት እንደገና ይሠራዋል።

---

ባይት_ቆጣሪ

@እዝባር_ጠላቴ ለፓዝ እስማማለሁ። ለፍለጋ ቃል ግን 400 ይከብዳል፤ አንድ ፊደል የተቆረጠበት ሰው የቀረውን ቃል ቢፈልግለት ምን ይጎዳል? እኔ ፓዝና መለያ ቁጥር ላይ ስትሪክት፣ የፍለጋ ሳጥን ላይ መተኪያ አደርጋለሁ፤ መተኪያውን ምልክት ከቃሉ ላይ አንስቼ።

@ፊደል_ገበታ ስለ ተበላሹት ረድፎች። ብልሽቱ ከፓዝ-ኢንፎ የመጣ ስለሆነ እውነተኛ ላቲን-1 ነው፣ ምንም ባይት አልጠፋም። እያንዳንዱን በፓይተን በላቲን-1 ኢንኮድ፣ በዩቲኤፍ-8 ስትሪክት ዲኮድ አድርገው፤ ከወደቀ አትንካው፣ ለብቻ መዝግበው። ከዚያ በፊት ደህናውን ለይ፤ ቁጥሩ ከ4608 እስከ 4991 የሆነ ፊደል ያለበት ረድፍ አልተበላሸም። ይህን ሁሉ በሠንጠረዡ ቅጂ ላይ።

ማይኤስኪውኤል ውስጥ በኮንቨርት ለማስተካከል እንዳትሞክር። የማይኤስኪውኤል «ላቲን1» ስሙ ነው እንጂ ዊንዶውስ-1252 ነው። የአንተ ጽሑፍ ውስጥ 136 የተቀመጠችው የማትታይ መቆጣጠሪያ ምልክት ሆና ነው፤ ማይኤስኪውኤል ለ136 የሚያውቀው ሌላ ምልክት ስለሆነ የአንተን በጥያቄ ምልክት ይተካታል። አንዴ ከተተካ አይመለስም።

በሌላ መንገድ፣ በዊንዶውስ-1252 በኩል የተበላሸ ጽሑፍ ካለህ ደግሞ አምስት ባይቶች እዚያ ኢንኮዲንግ ውስጥ ቦታ የላቸውም፦ 129፣ 141፣ 143፣ 144፣ 157። ም በ157 ነው የምትጨርሰው፣ ሐ በ144፣ ል በ141። ከሁሉ የከፋው፣ 141 የፀ፣ የፈና የፐ ረድፎች በሙሉ፣ የ፡ እና የ። ጭምር፣ ሁለተኛ ባይት ናት። «ቡና» ድኖ «ፍልስፍና» ሲጠፋ ካየህ ምክንያቱ ይህ ነው። መተኪያው ምልክት (239፣ 191፣ 189) የገባበት ረድፍ ግን ዋናው ባይት ስለሌለ ከሎግ ወይም ከባክአፕ ካልሆነ አይድንም።

---

ሌላ_ሰፈር

ፓይተን ለማይጠቀሙ በአጭሩ። ፒኤችፒ፦ ጌት ውስጥ ያለው ተፈትቶ ነው የሚደርሰው፣ ዩአርኤል-ዲኮድ እንደገና ካደረጋችሁበት መደመሪያና ፐርሰንት ይበላሻል። ባይቶቹ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 መሆናቸውን ግን ስለማይመረምር በኤምቢ-ቼክ-ኢንኮዲንግ ፈትሹ፤ ከ8.1 በፊት ባሉት ላይ ኤችቲኤምኤል-ስፔሻል-ቻርስ ግማሽ ፊደል ካገኘ ባዶ ጽሑፍ ነው የሚመልሰው፣ «ገጹ ነጭ ሆነ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጃቫ፦ ዩአርኤል-ዲኮደርን ሁልጊዜ ከነዩቲኤፍ-8 ጥሩት፤ ቶምካት እስከ 7 ድረስ ዩአርኤልን በላቲን-1 ነበር የሚፈታው፣ ከ8 ጀምሮ ነው በዩቲኤፍ-8 የሆነው። ሴት-ካራክተር-ኢንኮዲንግ የሪኩዌስቱን አካል እንጂ ኩዌሪውን አይለውጥም።

የግዕዝ ፊደል ሁሉ በኢ1 ይጀምራል ብሎ ሬጄክስ የሚጽፍም አይጠፋም። ከተጨመሩት ሰንጠረዦች ሁለቱ በኢ2 እና በኢኤ ይጀምራሉ፣ በ2021 ለጉራጌኛ አጻጻፍ የገባው ደግሞ አራት ባይት ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ የድሮው ዩቲኤፍ8 ሦስት ባይት ብቻ ስለሚይዝ አማርኛውን ችሎ ባለ አራት ባይቶቹን ይጥላል።

---

ሎግ_አንባቢ

አድራሻው አሁን ስለሚሠራ ቀጥሎ 404 ሎግህን እይ። መጨረሻቸው %ኢ1%8ዲ%ኤ2 የሆኑ ታገኛለህ፤ ያ አራት ነጥብ ነው። ሰው ሊንኩን ጽፎ ። ሲያስከትል፣ ሊንክ የሚያቀልመው ፕሮግራም አራት ነጥቡን እንደ ፊደል ቆጥሮ አብሮ ይውጠዋል። ከፓዙ ጫፍ ላይ ፡፣ ።፣ ፣ እና ፤ን ቆርጠህ ወደ ትክክለኛው አድራሻ በ301 (ቋሚ ማዞሪያ) አዙር።

ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ የሚሉት ሦስቱም ይመጣሉ። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን እዚህ ምንም አይረዳህም፤ ለዩኒኮድ ሰና ሠ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የራስህን መለወጫ ሠንጠረዥ ሥራ፦ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነሰባት ቤታቸው፤ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም አብረው። በተለወጠው ፈልግ፣ ርዕሱን ግን ደራሲው እንደጻፈው አሳይ።

ስታዞር ሎኬሽን ሄደሩ ውስጥ አማርኛውን በፊደሉ አታስገባ፤ ዊዝጊ ሄደር ላቲን-1 ብቻ ስለሆነ ይወድቅብሃል፣ በኮት አሳልፈው። የመጣው አድራሻ ከትክክለኛው ጋር አንድ መሆኑን የምታነጻጽረውም ከዲኮድ በኋላ ይሁን። %ኢ1 በትንሹም በትልቁም የላቲን ፊደል ሊጻፍ ይችላል፣ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ጥሬውን ካነጻጸርክ በትንሹ ጽፎ የመጣውን ሰው ያለ ምክንያት በ301 ታዞረዋለህ።